በሂደት ላይ ያለ ምርትን ስናሰላ፦ እሳት ያላየ ዕቃ ስንት በመቶ ነው?

የወጪ ሂሳብ ክፍሉን በተረከብኩበት ፋብሪካ አንድ ጥያቄ የብዙ ሰው እንቅልፍ ነስቶ ነበር። መዝገቡ በማምረቻ ክፍሎች ውስጥ ገና ያላለቀ፣ በሂደት ላይ ያለ ብዙ ምርት አለ ይላል። ኦዲተሮቹ ወርደው ሲያዩ ግን በመዝገቡ ከሰፈረው ግማሹን እንኳ የሚያህል ዕቃ አላገኙም። ፋብሪካው የሚያመርተው የሴራሚክ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ነው፤ ግዙፍና ከባድ ዕቃ ስለ ሆነ ማንም ደብቆ ሊያወጣው አይችልም። ሆኖም ልዩነቱ ሲታወቅ መጀመሪያ የተነሣው ቃል ስርቆት የሚል ነበር። የዕቃ ቤት ሠራተኞችና የፈረቃ ኃላፊዎች በጥርጣሬ ይታዩ ጀመር። ለዓመታት ተማምነው የሠሩ ሰዎች እርስ በርስ መነጋገር አቆሙ። ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለ እነሱ ብዬ ነው፤ የተበላሸ የወጪ ስሌት በንጹሕ ሰው ላይ ጣት ሊያስቀስር እንደሚችል በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲገባን የሥራውን ቅደም ተከተል ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈሳሽ ጭቃ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል፤ ጀሶው ውሃውን ሲመጥ ጭቃው ጠርዝ ይዞ ገንዳ ይሆናል። ከዚያ ወጥቶ ይስተካከላል፤ ለቀናት ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ አንጸባራቂ ቅብ ይቀባል፤ በመጨረሻም ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ይተኮሳል። ወር ሲዘጋ በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ላይ ዕቃ አለ። የሂሳብ ሠራተኛው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ በወሩ ውስጥ ካወጣነው ወጪ ስንቱ ባለቁት ገንዳዎች ላይ ተቀመጠ? ስንቱስ ገና በመንገድ ላይ ባሉት ላይ ቀረ?

መጀመሪያ ያደረግሁት የቀደሙትን ወራት የስሌት ወረቀቶች ማገላበጥ ነበር። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። በወሩ መጀመሪያ ያለው ቀሪ ላይ ጥሬ ዕቃው፣ የጉልበት ወጪውና ቀጥተኛ ያልሆነው የፋብሪካ ወጪ ይደመራል። ከድምሩ ወደ ያለቀ ምርት መጋዘን በርክክብ ሰነድ የገባው ይቀነሳል፤ የቀረው በሂደት ላይ ያለ ምርት ይባላል። ሂሳቡ ሁልጊዜ ይመጣጠናል። ችግሩም ያ ነው፤ እንዲህ የተሠራ ሂሳብ የማይመጣጠንበት ምንም መንገድ የለውም። ተሰብሮ የተጣለ ገንዳ ሰነድ ካልተሠራለት ወጪው እዚያው ይቀራል። ከዕቃ ቤት ወጥቶ የተመለሰ ጭቃ የመመለሻ ደረሰኝ ካልተቆረጠለት ወጪው እዚያው ይቀራል። ምርቱ ሲያልፍ የተሰጠው ዋጋ ካነሰም ልዩነቱ እዚያው ይቀራል። ስሕተት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚያርፍበት አንድ ሂሳብ ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ስሙ ደግሞ ሀብት ነው። በየወሩ ትርፉ ያምራል፤ በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ያለው ቁጥር ያብጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ በሂደት ላይ ያለ ምርትን በፍጹም በመቀነስ ብቻ አታግኙት። ከመሬት ተነሥታችሁ ቁጠሩት፤ ለተቆጠረው ዋጋ ስጡ፤ ከዚያ በመዝገብ ካለው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ይኖራል። ያ ልዩነት ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ የት እንደ ተፈጠረ የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ቆጠራው ራሱ ብዙ አስተምሮናል። በፊት የሚቆጠረው በምርት ዓይነት ነበር፤ "ትልቁ ገንዳ ይህን ያህል፣ ትንሹ ይህን ያህል" እየተባለ። እኛ የሚያስፈልገን ግን ዕቃው የደረሰበት ደረጃ ነው። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ያለ ገንዳና ቅብ ተቀብቶ ምድጃ የሚጠብቅ ገንዳ መልካቸው ቢመሳሰልም የበሉት ወጪ እጅግ ይለያያል። አንዳንዱ ሰው ድካም ለመቀነስ በሚዛን እንቁጠር ብሎ ነበር። ለሴራሚክ ይህ አይሆንም፤ እርጥቡ ጭቃ ሲደርቅ ውሃው ይወጣል፣ ሲተኮስም ክብደቱ እንደገና ይቀንሳል፤ አንድ ኪሎ እርጥብና አንድ ኪሎ የተተኮሰ ዕቃ አንድ አይደሉም። እናንተም ምርታችሁ በሂደት ውሃ የሚያጣ፣ የሚተን ወይም የሚፋፋ ከሆነ መለኪያችሁን አስቀድማችሁ መርምሩ።

የመቁጠሪያው ሰዓት ሲደርስ በክፍሎች መካከል ምንም ዕቃ እንዳይንቀሳቀስ አደረግን። የመጨረሻው የርክክብ ሰነድ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተጻፈ፤ ከዚያ ቁጥር በኋላ ያለው ሁሉ የሚቀጥለው ወር ነው። ከሂሳብ ክፍል አንድ፣ ከምርት ክፍል አንድ ሰው አብረው ይቆጥራሉ፤ የተቆጠረ መደርደሪያ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ምድጃ ውስጥ ያለው አይታይምና በጫኙ መዝገብ ተወሰደ፤ በማግሥቱ ሲወጣም ተረጋገጠ። ከጥግ ባሉ መደርደሪያዎች ላይ ግን ያልጠበቅነውን አገኘን። ከረጅም ጊዜ በፊት የተሠሩ፣ ደርቀው የተሰነጠቁ፣ ማንም ወደ ምድጃ የማያስገባቸው ገንዳዎች በየወሩ እንደ ጤነኛ ሲቆጠሩ ኖረዋል። በየዕቃው ላይ ቅርጽ የወጣበት ቀን ቢጻፍ ኖሮ ይህ በመጀመሪያው ወር ይታወቅ ነበር። አሁን እያንዳንዱ መደርደሪያ ቀን የተጻፈበት ካርድ አለው፤ ከተለመደው የማድረቂያ ጊዜ ያለፈ ሁሉ ለብቻው ይመረመራል።

ቆጠራው የልዩነቱን አንድ ክፍል ፈታ። ትልቁ ግን አልተነካም። መዞሪያው የመጣው ከምድጃ ክፍል ኃላፊው ነው። በስሌታችን መሠረት ማድረቂያ ክፍል ያለ ገንዳ ሁሉ 60 በመቶ እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠር ነበር፤ ምክንያቱም ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ካለው ጊዜ ወደ 60 በመቶ የሚሆነው በቅርጽ ማውጣትና በማድረቅ ያልፋል። ወረቀቱን ሳሳያቸው ዓይናቸውን ከቁጥሩ ላይ ሳያነሡ፣ "ልጄ፣ ይህ ዕቃ እኮ ገና እሳት አላየም። እሳት ያላየ ዕቃ ምኑ ነው ስልሳ በመቶ?" አሉኝ። ለረጅም ጊዜ ያላገኘሁት መልስ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር። ገንዳ ሲደርቅ ጊዜ ይበላል እንጂ ገንዘብ እምብዛም አይበላም። ነዳጁ፣ የምድጃው እርጅና ቅናሽ፣ የምድጃ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ጥገናው፤ ይህ ሁሉ የሚወጣው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የለውጥ ወጪውን፣ ማለትም የጉልበትና ቀጥተኛ ያልሆነውን የፋብሪካ ወጪ፣ በየደረጃው ተከፋፍሎ እንዲታይ አደረግን። በእኛ ፋብሪካ ቅርጽ ማውጣቱ ሲያበቃ 12 በመቶ፣ ማድረቁ ሲያበቃ 20 በመቶ፣ ቅቡ ሲያበቃ 35 በመቶ፣ ከምድጃ ሲወጣ 95 በመቶ ሆነ፤ የቀረው የመጨረሻ ምርመራና ማሸጊያ ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ፈጽሞ ሊለይ ይችላል፤ በእጅ የሚሠራ ሥራ የበዛበት ፋብሪካ ወጪው መጀመሪያ ላይ ሊከማች ይችላል። ዋናው ነገር "ይህ ዕቃ ስንት በመቶ አልቋል?" ብሎ አንዴ ጠይቆ ማለፍ አይበቃም። ለእያንዳንዱ የወጪ ዓይነት ለየብቻ መጠየቅ አለበት። ማድረቂያ ላይ ያለው ገንዳ በጭቃ በኩል 100 በመቶ ነው፤ በለውጥ ወጪ 20 በመቶ ነው፤ በቅብ በኩል ዜሮ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ለአያያዝ እንዲመች ቁጥሮቹን አቅልያለሁ፤ ብክነቱንም ለጊዜው ትቼዋለሁ። በወሩ መጀመሪያ ማድረቂያ ላይ 400 ገንዳዎች ነበሩ፤ በወሩ 2,600 ተጀመሩ፤ 2,400 አለቁ፤ 600 ማድረቂያ ላይ ቀሩ። ከቀደመው ወር የመጣው ተጨምሮ የጭቃ ወጪው 180,000፣ የቅብ ወጪው 72,000፣ የለውጥ ወጪው 347,760 ነው። ጠቅላላው 599,760 ይሆናል።

አሁን አቻ ምርት የምንለውን እናውጣ፤ ማለትም በግማሽ ያሉት ሁሉ ወደ ሙሉ ቢጠቀለሉ ስንት ሙሉ ገንዳ ይወጣቸዋል? በጭቃ 2,400 ሲደመር 600፣ 3,000 ነው፤ አንዱ 60 ይደርሰዋል። በቅብ ያለቁት 2,400 ብቻ ናቸው፤ አንዱ 30። በለውጥ ወጪ ግን ሁለቱን መንገዶች እናወዳድር። በአሮጌው 60 በመቶ ከሄድን 600ው ገንዳ እንደ 360 ይቆጠራል፤ አቻ ምርቱ 2,760፣ የአንዱ ወጪ 126። በአዲሱ 20 በመቶ ከሄድን 600ው እንደ 120 ይቆጠራል፤ አቻ ምርቱ 2,520፣ የአንዱ ወጪ 138።

ውጤቱን ተመልከቱ። በአሮጌው ስሌት ያለቀ አንድ ገንዳ 216 ይወጣበታል፤ በሂደት ላይ ያለው ምርት ደግሞ 36,000 የጭቃና 45,360 የለውጥ ወጪ ይዞ 81,360 ይሆናል። በአዲሱ ያለቀው 228 ይሆናል፤ በሂደት ላይ ያለው 36,000 እና 16,560፣ ድምሩ 52,560። ልዩነቱ 28,800 ነው። ያ ገንዘብ ከማድረቂያው መደርደሪያ ላይ የተሰረቀ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ እዚያ አልነበረም። ባለቁት ገንዳዎች ላይ ወጥቶ፣ ከእነሱም ጋር ተሸጦ ሄዷል። ሁለቱንም ስሌቶች ፈትሹ፤ ያለቀውና ያላለቀው ሲደመሩ 599,760 መምጣት አለበት። ይህን ማረጋገጫ ሳትሠሩ ወሩን አትዝጉ። የመሸጫ ዋጋ የሚተምነው ክፍልም 216 ይዞ ሲነሣና 228 ይዞ ሲነሣ የሚደርስበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ አስቡ፤ እኛ ዘንድ በርካሽ የተሸጡ ትዕዛዞች ነበሩ።

ይህን ስሌት ለአስተዳደሩ ባቀረብን ዕለት በሠራተኞቹ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ተነሣ። ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ዝምታ ግን በአንድ ጊዜ አልተሰበረም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፤ የቆጠራና የመዝገብ ልዩነት ሲገጥማችሁ፣ የማጠናቀቂያ መቶኛውንና የብክነቱን አያያዝ ሳትፈትሹ "ጎደለ" የሚል ደብዳቤ አትጻፉ። "ጎደለ" የሚል ቃል አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ብክነቱ ራሱን የቻለ ርእስ ነው። በሴራሚክ ሥራ አንዳንድ ዕቃ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ይህ የተለመደ ብክነት ነው፤ ወጪውን ጤነኞቹ ዕቃዎች ይሸከሙታል። አንድ ሌሊት ምድጃው ተበላሽቶ የጠፋው ጭነት ግን ያልተለመደ ብክነት ነው፤ በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ መስፈርት ቁጥር 2 መሠረትም በዕቃ ክምችት ዋጋ ውስጥ አይገባም፤ በዚያው ወር እንደ ወጪ ይመዘገባል። እኛ ጋ ሁለቱ ተቀላቅለው ነበር። ለሁለቱ የተለያዩ ሂሳቦች ስንከፍት የምድጃው ብልሽት ስንት እያስከፈለን እንደ ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሌላም ነጥብ አለ፤ ብክነቱ የሚታወቀው ከምድጃ በኋላ ባለው ምርመራ ከሆነ፣ ገና ማድረቂያ ላይ ያለው ገንዳ የተለመደውን ብክነት አይሸከምም፤ ምርመራው ጋ አልደረሰምና። ከመተኮሱ በፊት የተሰበረ ገንዳ ደግሞ ተፈጭቶ ወደ ፈሳሽ ጭቃ ይመለሳል፤ የጭቃው ዋጋ ይድናል፤ የወጣበት ጉልበት ግን አይመለስም። ከተተኮሰ በኋላ የተሰበረው ወደ ጭቃነት አይመለስም። ስለዚህ በብክነት ሰነዱ ላይ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን የተሰበረበትን ደረጃ አስጽፉ።

አንዱ ክፍል ለሌላው ሲያስረክብ የሚፈጠር ሌላ ወጥመድም አለ። ክፍሎቹ የየራሳቸው በሂደት ላይ ያለ ምርት ሂሳብ ካላቸው፣ ያስረከበው ክፍል ሂሳብ ክሬዲት ሆኖ ይቀንሳል፣ የተረከበው ዴቢት ሆኖ ይጨምራል። ለተረካቢው ክፍል ከቀደመው ክፍል ይዞት የመጣው ወጪ እንደ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ከደጃፉ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ 100 በመቶ የተጠናቀቀ ነው። ይህን ይዞት የመጣውን ወጪ በተረካቢው ክፍል የሥራ መቶኛ ማባዛት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ከስሌት ወረቀት ላይ በቀላሉ አይታይም።

ምድጃው ለትልቅ ጥገና በቆመበት ወር የተፈጠረውንም ላንሣ። ምርቱ በጣም ቀነሰ፤ የእርጅና ቅናሹ፣ ኪራዩና የቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ ግን አልቀነሱም። የቀደመው አሠራር ያን ሁሉ በጥቂቶቹ ገንዳዎች ላይ ያከፋፍል ስለ ነበር የአንዱ ወጪ ሰማይ ነካ፤ በሂደት ላይ ያለው ምርትም ያለ ምክንያት ውድ ሆነ። ከላይ የጠቀስኩት መስፈርት ቋሚው የማምረቻ ወጪ በመደበኛ የማምረት አቅም ላይ ተመሥርቶ እንዲከፋፈል ያዛል፤ ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ሲሠራ ያልተከፋፈለው ወጪ የወሩ ወጪ ነው። የቆመ ምድጃ ሀብት አይፈጥርም። መደበኛ አቅማችሁን ከምርት ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ወስኑ፤ ኦዲተር ሲጠይቅ ማስረጃ ይሆናችኋል።

በሚዛናዊ አማካይ (ከላይ እንዳደረግነው ከቀደመው ወር የመጣውን ወጪ ከዚህ ወር ጋር ደምሮ) ልሥራ ወይስ በፊፎ (መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል ብሎ የዚህን ወር ሥራና ወጪ ከቀደመው ለይቶ) የሚለው ብዙ ያከራክራል። ሁለቱም ይፈቀዳሉ። እኔ ፊፎን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው። በምሳሌያችን በወሩ መጀመሪያ የነበሩት 400 ገንዳዎች 20 በመቶ የለውጥ ወጪ ነበራቸው፤ 80 አቻ ምርት ነው፤ ወጪው 9,600፣ ማለትም በአንድ 120። ከ2,520 ላይ 80 ሲቀነስ የዚህ ወር ሥራ 2,440 ነው፤ የዚህ ወር ወጪ 338,160 በዚያ ሲካፈል 138.59 ይመጣል። አማካዩ 138 ይላል፤ ፊፎ ግን ከ120 ወደ 138.59 መውጣቱን በግልጥ ያሳያል። የነዳጅ ወጪ በሚዋዥቅበት ሥራ የምድጃውን ኃላፊ ስለዚህ ወር ለመጠየቅ የዚህን ወር ቁጥር መያዝ ይገባል። የመነሻ ቀሪው በየወሩ ትንሽ ከሆነና ዋጋ ካልተለዋወጠ ግን አማካዩ ይበቃል፤ ድካሙም ያነሰ ነው።

የስሌቱ ጉዳይ ካለቀ በኋላ የቀረው ያበጠውን ቀሪ ማውረድ ነበር። አንዳንዱ ቀስ በቀስ በየወሩ እናጉድለው የሚል ሐሳብ አቀረበ። አይሆንም። ስሕተቱ ያለፉት ዓመታት ስሕተት ነው፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ከሆነ በዓለም አቀፉ መስፈርት ቁጥር 8 መሠረት ያለፉት ዓመታት ንጽጽር ቁጥሮችና የመነሻ ቀሪዎች ተስተካክለው፣ ምክንያቱም በማብራሪያ ተገልጾ ይቀርባል። ለባለቤቶቹ ማስረዳት ከባድ ነበር፤ ትርፍ ተብሎ የተነገራቸው አንዱ ክፍል ትርፍ እንዳልነበረ መስማት ማንንም አያስደስትም። የረዳን ባለ አንድ ገጽ ማስረጃ ነው፤ የቆጠራው ብዛት በየደረጃው፣ የአሮጌውና የአዲሱ መቶኛ፣ ልዩነቱ በእያንዳንዱ ምክንያት ተከፍሎ፤ ስንጥቅ ገንዳዎች ይህን ያህል፣ መቶኛው ይህን ያህል፣ ያልተመዘገበ ብክነት ይህን ያህል። የምድጃ ክፍል ኃላፊውም በስብሰባው ተገኝተው የየደረጃውን ሥራ በራሳቸው አንደበት አስረዱ።

መቶኛዎቹን አንዴ ወስናችሁ አትተዋቸው። አዲስ ምድጃ ሲገባ፣ ነዳጅ ሲቀየር፣ በእጅ ይሠራ የነበረው በማሽን ሲተካ የወጪው ቦታ ይዛወራል። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለውጥ ሲኖር ደግሞ ወዲያውኑ፣ ከምርት ክፍል ጋር ተቀምጠን እንከልሳቸዋለን፤ የተስማማንበትም ከሁለቱ ክፍሎች ፊርማ ጋር ከወሩ መዝጊያ ፋይል ውስጥ ይገባል።